«ይሄ ሒሳብ ምን ይሠራልኛል?» — መርካቶ የሰጠችን መልስ

ባለፈው ወር ለማስተማር ልምምድ አዲስ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አራት ሆነን ሰባተኛ ክፍል ገባን። ከመካከላችን አንዱ ስለ ፐርሰንት ያስተምራል፤ ሦስታችን ኋላ ተቀምጠን ማስታወሻ እንይዛለን። ትምህርቱ ደኅና እየሄደ ነው ብለን ስናስብ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ለኔ ምን ይሠራልኛል? እኔ ከትምህርት በኋላ መርካቶ ነው የምውለው። እዚያ ኤክስ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። ጓደኛችን ትንሽ አሰብ አደረገና «ለፈተና ይጠቅምሃል» አለ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ ሁለተኛው ሳቅ ግን በእኛ ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ተከራከርን። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም መልሱን አናውቀውም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳብ የተማርነው ለማለፍ ነው። እኛ ራሳችን ጥቅሙን ሳናውቅ ሌላውን «ሒሳብ ውደድ» ብንለው ማን ይሰማናል? ስለዚህ ቅዳሜ ደብተርና እርሳስ ይዘን ልጁ ወደሚውልበት ወደ መርካቶ ለመሄድ ተስማማን። ይህ ጽሑፍ እዚያ ያየነውንና የተማርነውን ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን ለማካፈል የቀረበ ነው።

ሀ. ገበያው ራሱ

እንደሚታወቀው መርካቶ የዛሬ ቦታውን የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የከተማው ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወራሪው ነጭና ጥቁርን ለያይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙም «ገበያ» ማለት ከሆነው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ስሙ የባዕድ ይሁን እንጂ ገበያውን ገበያ ያደረገው ከየአቅጣጫው የመጣው ነጋዴና ሠራተኛ ሕዝብ ነው።

መርካቶ ለማያውቃት ሰው ትርምስ ትመስላለች። ለሚያውቃት ግን ሥርዓት አላት። በርበሬ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ ዕቃው በየዓይነቱ ተለይቶ ተቀምጧል። በርበሬ ፈላጊ ቆርቆሮ ተራ አይንከራተትም። ነገሮችን በጋራ ጠባያቸው ለይቶ መመደብ በመጽሐፋችን «ስብስብ» የሚባለው ምዕራፍ ነው። እኛ ምዕራፉን በፊደል «ሀ» እና «ለ» ስንማረው ደርቆብን ነበር። በተራ ቢያስተምሩን ኖሮ በአንድ ቀን በገባን።

ለ. «እኔ ሒሳብ አልተማርኩም»

በርበሬ ተራ አንዲት ሴት ዛላ በርበሬ ይሸጣሉ። ዋጋው ኪሎው 600 ብር ነው እንበል። አንድ ገዢ ሁለት ኪሎ ከሦስት ሩብ ጠየቀ። እኛ ደብተራችን ላይ 2.75 × 600 ብለን ጽፈን ማባዛት ስንጀምር፣ እሳቸው ሚዛኑን ሳይለቁ እንዲህ አሉ፦

«ሁለቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፤ ግማሹ ሦስት መቶ፤ ሩቡ መቶ ሃምሳ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አምጣ።»

እኛ ገና ነጥቡን የት እንደምናስቀምጥ እንከራከር ነበር! «እትዬ፣ ይህን ሒሳብ የት ተማሩት?» አልናቸው። ሳቁና «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ ሒሳብ አልተማርኩም፤ እንዲያው ለምዶብኝ ነው» አሉን።

አልተማርኩም ይበሉ እንጂ የሠሩት ሥራ እኛ ሰሌዳ ላይ «የማባዛት በመደመር ላይ የመሰራጨት ሕግ» እያልን የምንጽፈው ነው፦

600 × (2 + ½ + ¼) = 1,200 + 300 + 150 = 1,650

እሳቸው ሕጉን ያውቁታል፤ ስሙን ብቻ አያውቁትም። እኛ ደግሞ ስሙን እናውቀዋለን፤ ሕጉን ግን በችግራችን ጊዜ አንጠራውም። ከሁለታችን የሒሳብን ጥቅም የሚያውቀው ማን ነው?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በብራዚል ሬሲፌ በምትባል ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ፣ በሚሸጡት ዕቃ ሲጠየቁ 98.2 ከመቶ የሚሆነውን በትክክል መለሱ። ያው ሒሳብ ወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ተጽፎ ሲሰጣቸው ግን በትክክል የመለሱት 36.8 ከመቶውን ነው። ልጆቹ አልተለወጡም፤ ሒሳቡም አልተለወጠም። የተለወጠው አጠያየቁ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ሰሌዳ ፊት ሲደናገር ከማየታችን «ሰነፍ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን ቁጥር ማስታወስ ይገባናል።

ሐ. ልምድ ብቻውን የሚያሳስትበት ጊዜ

ይሁን እንጂ «ገበያው ሁሉን ያስተምራል፤ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» ወደሚል ድምዳሜ እንዳንደርስ ያደረገን ሌላ ነገር አየን። አንድ ወጣት ልብስ ሻጭ እንዲህ አለን፦ «እኔ በገዛሁበት ላይ 20 ፐርሰንት እጨምራለሁ። ገዢው ከተከራከረኝ 20 ፐርሰንት እቀንስለታለሁ። ያው ዋናዬን አገኛለሁ፤ አልከስርም።»

እስቲ አብረን እናስላ። የገዛበት ዋጋ 1,000 ብር ይሁን። 20 ከመቶ ሲጨምር 1,200 ይሆናል። አሁን 20 ከመቶ የሚቀንሰው ከ1,000 ሳይሆን ከ1,200 ነው፤ ይኸውም 240 ብር። ቀሪው 960 ብር ነው። በእያንዳንዱ ልብስ 40 ብር ይከስራል ማለት ነው። ይህን ካርቶን ላይ ጽፈን ስናሳየው ዝም አለና «ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ መሰላችሁ!» አለ።

ስሕተቱ የመቀነስ ወይም የማባዛት አይደለም። «ፐርሰንቱ የምን ፐርሰንት ነው?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታክሱ 15 ከመቶ ነው። ታክስ ጨምሮ 1,150 ብር በተከፈለበት ዕቃ ውስጥ ታክሱ ስንት ነው ሲባል፣ 1,150ን በ15 ከመቶ አባዝቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም የሚል አለ። ትክክለኛው ግን 150 ብር ነው፤ ምክንያቱም 15 ከመቶው የተጣለው በ1,000 ላይ ነው። ስለዚህ 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ያስፈልጋል። ይህን ልማድ አያስተምረውም፤ እርሳስ ይዞ ማሰብ ይጠይቃል።

መ. የዕቁቡ ክርክር

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሻይ ቤት ገባን። አጠገባችን ዕቁብተኞች ተሰብስበዋል። ዕጣው ተጠቅልሎ በባርኔጣ ውስጥ ተደርጓል፤ አንዱ ወረቀት ብቻ ምልክት አለው። አንዱ «እኔ መጀመሪያ ላንሳ» ይላል፤ ሌላው «ለምን አንተ? መጀመሪያ ያነሳ ይቀናዋል» ይላል። ዳኛው ማስታረቅ አቃታቸው።

ዕቁብተኞቹ 20 ናቸው እንበል። መጀመሪያ የሚያነሳው ዕድሉ ከ20 አንድ ነው። ሁለተኛው ዕጣው እንዲደርሰው በመጀመሪያ የፊተኛው መሳት አለበት፤ የዚህ ዕድል 19/20 ነው። ቀጥሎ እሱ ከቀሩት 19 ወረቀቶች ትክክለኛውን ማንሳት አለበት፤ ይኸውም 1/19 ነው። ሁለቱ ሲባዙ፦

19/20 × 1/19 = 1/20

ሦስተኛውም፣ ሃያኛውም በዚሁ መንገድ ሲሰላ 1/20 ይደርሰዋል። መጀመሪያ አንሺም መጨረሻ አንሺም ዕድላቸው እኩል ነው። ጠቡ በከንቱ ነበር።

ዕድሉ እኩል ቢሆንም ጥቅሙ ግን እኩል አይደለም። በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥሉ 20 ሰዎች ቢኖሩ ዕጣው 20,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ከሌሎቹ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ነው። በመካከሉ ዕቃ ከተወደደ የመጨረሻው 20,000 የመጀመሪያውን 20,000 ያህል አይገዛም። ዕቁብተኞች የቸገረውን ሰው ሲያስቀድሙ፣ አንዳንዴም ባለ ዕጣ ዕጣውን ለሌላው በዋጋ ሲለቅ፣ ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። ሒሳቡ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በግልጽ መናገር ነው።

ሠ. ቆርኪዎቹ

ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ዕቃ ሲያራግፍ ያን ተማሪያችንን አገኘነው። ከሁለት ጎረምሶች ጋር ካርቶን ከመኪና ወደ መጋዘን ያመላልስ ነበር። ሲያየን አፈረ፤ እኛም አፈርን። ሥራው ሲያልቅ ግን ራሱ ወደ እኛ መጣ። ፊቱ ከፍቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስቱም አንድ ላይ 48 ካርቶን በ15 ብር ሒሳብ ተነጋግረው 720 ብር ተከፈላቸው። ገንዘቡን የተቀበለው ታላቅየው ለእሱ 180 ብር ሰጠውና «ድርሻህ ነው» አለው።

«እንደሚያንስ ይታወቀኛል» አለን ልጁ፤ «ግን እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም።»

«ስንት ተሸከምክ?» አልነው። እጁን ኪሱ ከቶ ቆርኪዎች አወጣ። ለእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ቆርኪ ኪሱ ሲከት ኖሯል። ቆጠርናቸው፤ 14 ናቸው። እኛ «አንድ ለአንድ ማዛመድ» ብለን ሰሌዳ ላይ በቀስት የምናስተምረውን ነገር እሱ በቆርኪ ሠርቶት ነበር።

ካርቶን ቀደን ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ሁሉም እኩል ይካፈል ከተባለ 720 ለ3፣ 240 ብር ይደርሰዋል። እንደተሸከሙት ይሁን ከተባለ 14 × 15፣ 210 ብር ይደርሰዋል። በየትኛውም መንገድ 180 አይሆንም። ቀጥለንም ያን በክፍል የጠላውን ነገር ጠየቅነው፦ «180 የ720 ስንት ፐርሰንት ነው?» አስልቶ «25» አለ። «14ስ የ48?» ትንሽ ቆየና «29 ምናምን» አለ። ከዚያ ካርቶኑን ትኩር ብሎ አየው። «29 ሠርቼ 25 ሰጡኝ ማለት ነዋ!»

ካርቶኑን ይዞ ሄደ። ታላቅየው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ካርቶኑን አነበበ፤ በመጨረሻ 30 ብር መዘዘና «እሺ፣ እንደተሸከምከው ይሁን» አለው። 30 ብር ብዙ ገንዘብ አይደለም። ልጁ ግን ሲመለስ አረማመዱ ሌላ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይረሳ። እኩል መካፈል ይሻላል ወይስ እንደ ሥራው? ይህን ሒሳብ አይመልስም፤ ሰዎች አስቀድመው ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ግን ትልቁ ትንሹን፣ ጉልበተኛው ደካማውን እንዳያታልለው የሚጠብቅ ሒሳብ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ቁጥርም የተሰጠው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው። ማስላት የማይችል ሰው እንደተበደለ ይሰማዋል፤ ምን ያህል እንደተበደለ ግን መናገር አይችልም።

ረ. ሒሳብ ባዕድ አይደለም

አንዳንድ ተማሪዎች ሒሳብን ከውጭ የመጣ ዕዳ አድርገው ያዩታል። ይህ ስሕተት ነው። በመርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሁለቱም ወገን ሊቃውንት ዘንድ ሒሳብ የከበረ ቦታ አለው። በባሕረ ሐሳብ የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ለምሳሌ 2015 + 5500 = 7515፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሦስተኛው ወንጌላዊ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ሆነች። «አልጀብራ» የሚለው ቃል ደግሞ የመጣው በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከኖረው ከአልኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉም ትልቅ ክፍል በእስልምና ሕግ ውርስን ስለ ማካፈል የሚናገር ነው። ኤክስ የተወለደው ለወራሾች ድርሻ ሲባል ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ የሚጠራ ዘዴም አለ። እጥፍ ማድረግና ግማሽ ማድረግ ብቻ የሚችል ሰው ማንኛውንም ቁጥር ያባዛበታል። 35 ን በ26 እናባዛ። በግራ በኩል እየገመስን (ትርፉን ትተን)፣ በቀኝ በኩል እያጠፍን እንሂድ፦

35 — 26
17 — 52
8 — 104
4 — 208
2 — 416
1 — 832

በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ካለበት መስመር ላይ ያሉትን የቀኝ ቁጥሮች ብቻ እንደምር፦ 26 + 52 + 832 = 910። 35 × 26 በእርግጥ 910 ነው። ምሥጢሩ 35 ማለት 32 + 2 + 1 መሆኑ ነው። የጥንት ግብፃውያንም በማጠፍ ያባዙ እንደነበር ፓፒረሶቻቸው ያሳያሉ። የዛሬው ኮምፒዩተርም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ በሁለት በሁለት መንገድ ነው።

ሰ. ምን እናድርግ?

ከዚህ በላይ ካየነው በመነሣት ለሒሳብ መምህርነት የምንዘጋጅ ሁሉ የሚከተሉትን ብናስብባቸው መልካም ነው እንላለን።

1ኛ. ትምህርቱን ተማሪው በሚያውቀው ነገር እንጀምር። መርካቶ ላለ ልጅ በካርቶንና በሚዛን፤ ገጠር ላለው በቁናና በጥማድ።

2ኛ. መልሱን ብቻ ሳይሆን «እንዴት አገኘኸው?» ብለን እንጠይቅ። የበርበሬ ሻጯ መንገድ ከመጽሐፉ የተለየ ነበር፤ ትክክል ግን ነበር።

3ኛ. እዚያው እንዳንቀር። ከምሳሌው ወደ ሕጉ እናሻግር። የልብስ ሻጩን ከኪሳራ የሚያድነው ሕጉ ነው።

4ኛ. ጥቅም ሲባል ብር ብቻ አይምሰለን። ፍራፍሬ ሻጮች ብርቱካን ሲከምሩ ከላይ 1፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 16 እያደረጉ በአራት ደርብ 30 ሲያቆሙ ቆመን አይተናል። ከ1 ወደ 4 የተጨመረው 3፣ ከ4 ወደ 9 የተጨመረው 5፣ ከ9 ወደ 16 የተጨመረው 7 ነው። ጎዶሎ ቁጥሮች በተራ እየገቡ ካሬ ይሠራሉ! ይህን ስናይ ምንም አልገዛንም፤ ደስ ግን ብሎናል። ልጆቹም ይህ ደስታ ይገባቸዋል።

5ኛ. መልሱን ሳናውቅ «ለፈተና ነው» አንበል። «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት አያሳፍርም።

በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ስንገባ ልጁ ራሱ የቅዳሜውን ታሪክ ለጓደኞቹ ለመናገር ፈለገ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቆርኪዎቹን አሳየ። ከኋላ አንዷ ተማሪ «ታላቅየው ስንት ተሸከመ?» አለችው። «18 ነኝ ብሏል» አላት። «ሁለተኛውስ?» «እሱ አልቆጠረም።»

ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ጠመኔውን ለልጁ ሰጠው። ልጁም እንዲህ ጻፈ፦

14 + 18 + ኤክስ = 48

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «16!» አለ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ልጁ ግን ወደ እኛ ዞሮ ፈገግ አለ፤ መርካቶ ውስጥ ኤክስ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገኝቷልና።

መልመጃ ለአንባብያን

ሀ) በ1,000 ብር የተገዛ ዕቃ ላይ 25 ከመቶ ተጨመረ። ነጋዴው ሳይከስርና ሳያተርፍ ወደ 1,000 ለመመለስ ስንት ከመቶ መቀነስ አለበት?

ለ) 43 × 27 ን በማጠፍና በመገመስ ዘዴ ሥሩ።

ሐ) 12 ሰዎች ባሉበት ዕቁብ ሦስተኛ የሚያነሳው ሰው ዕድሉ ከስንት አንድ እንደሆነ በማባዛት አሳዩ።

መልሱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን። ከእኛ የተሻለ ዘዴ ያገኘ ቢኖር ጽፎ ከሥሩ ይለጥፍልን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።